እጄ ያላገኘው በሽታ

ሰው ማሸት ከተውኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጡረታ የሚባለው ደመወዝ ለነበረው ነው፤ እኔን የመሰለች ወጌሻ ሥራዋን የምትተወው እጇ ሲዝል ነው። የእኔ እጅ አልዛለም። ዛሬም የወለቀ ትከሻ ቢያቀርቡልኝ ዓይኔን ጨፍኜ ቦታው እመልሰዋለሁ። የተውኩበትን ምክንያት ሰቆጣ ውስጥ የሚያውቁት ጥቂት ናቸው፤ ሌላው እማ ሙሉ ኮራች ይላል። ይበል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ነጋዴ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ በባጃጅ መጣች። ደጃፌ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ምንም ሳትጠይቀኝ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

«አታውልቂው» አልኳት። «ባጃጁ ሳይሄድብሽ ሆስፒታል ድረሺ።»

«ሆስፒታልማ ካርድ አውጪ፣ ተሰለፊ፣ ፎቶ ተነሺ ነው እማ። የእናቴን ጉልበት ያዳኑት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ። አሁን ግን አላሽም።»

«ወይስ እርስዎም ነጭ ጋዋን ካላመጣችሁልኝ ብለው ነው?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁላት። ባጃጁ ሲያዞር ለሾፌሩ «እርጅና ሰውን ያኮራል ለካ» ስትለው ሰማሁ።

ይህን የምጽፈው የልጅ ልጄ ጽፋ ባስተረፈችው ደብተር ላይ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። መሠረተ ትምህርት ቀበሌያችን በመጣ ጊዜ ሁለት ክረምት ዛፍ ሥር ፊደል ቆጠርኩ፤ የቀረውን ዳዊት ይደግም ከነበረው ባሌ ለቀምኩ። ቤታችን የምንነጋገረው አገውኛ ስለሆነ አማርኛዬ የጎበጠበት ቦታ ይኖራል። የልጅ ልጄ ጥቂቱን አቅንታዋለች፤ የቀረውን እኔ ተይው አልኳት።

ሥራውን ያስተማሩኝ የባሌ አክስት እትየ ላቀች ናቸው። ፃግብጂ ተድሬ በሄድኩ ጊዜ እስከ ተከዜ ድረስ ስማቸው የታወቀ ወጌሻ ነበሩ። ቁመታቸው አጭር ነው፤ መዳፋቸው ግን የወንድ መዳፍ ያክላል። እኔን የመረጡኝ እጄ ስለማያልበው ነው። ላብ ያለው እጅ ይንሸራተታል፣ አጥንትና ጅማት አይለይም ይሉ ነበር።

ማሽላ የሞላበት ስልቻ ውስጥ የፍየል አጥንት ይቀብሩና እጅሽን ክተቺ ይሉኛል። ሳላይ የፊት እግር ይሁን የኋላ፣ የቀኝ ይሁን የግራ መናገር አለብኝ። ስሳሳት አይቆጡም፤ አጥንቱን ቦታ ይለውጡና «ደግመሽ» ይላሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ አደረጉኝ። በሦስተኛው ዓመት ሳይነግሩኝ የተሰነጠቀ አጥንት ጨመሩበት። ስንጥቁን በጥፍሬ ጫፍ አግኝቼ በነገርኳቸው ዕለት በአንድ ገበታ አብረን በላን።

ሰው ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ያሞቁታል። ከዚያ አስቀድመው የሚዳብሱት ጤነኛውን ክንድ ነው፤ በሽተኛው «ይኼኛው አይደለም፣ ያኛው ነው» እያለ ይጮኻል። እሳቸው ግድ የላቸውም። «የዚህን ሰው ደህናውን ሳታውቂ የተበላሸውን በምን ትለዪዋለሽ?» ይሉኛል። አጥንት ሊያስገቡ ሲሉ ደግሞ «ከማን ጋር ተጣልተሃል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጠብ የሌለው ሰው የለምና ሁሉም ያወራል። አንድ ትከሻው የወለቀ ገበሬ ወሰን ስለገፋበት ጎረቤቱ እየተረከ ግሎ፣ «ከዚያማ በሬዬን ፈትቶ» ሲል ሳብ አደረጉት፤ ትከሻው ገባ። ሰውየው ጮኸና ትንሽ ቆይቶ የበሬውን ነገር ሊቀጥል ሲል «ለሚስትህ ጨርስላት» አሉት።

ከልማዳቸው ሁሉ ባለመያዜ ዛሬ የሚቆጨኝ አንዱ ነው። ዳብሰው ዳብሰው ምንም ካጡ እጃቸውን ይታጠቡና «እጄ አላገኘውም» ይላሉ። በቃ። ባለጠጋ ይሁን ቄስ፣ በበቅሎ ይምጣ በቃሬዛ፣ አይጨምሩም አይቀንሱም። አንድ ጊዜ ከሩቅ የመጡ ሰዎች «ታዲያ ይህን ሁሉ መንገድ ያስኬዳችሁን ለዚህ ነው?» ብለው ሰደቧቸው። «እናንተስ ሄዳችሁ፤ እኔ ዋሽቼ ብይዛችሁ ኖሮ በሽታው እየገፋ ይሄድ ነበር» አሏቸው። ያኔ ልጅ ነበርኩና አፈርኩባቸው። ባለሙያ ሰው እንዴት አላውቅም ይላል ብዬ።

ለልጆች ደግሞ የተለየ ሥርዓት ነበራቸው። ሕፃን የሚያመውን ቦታ አይናገርም፤ ለቅሶው ግን ይናገራል። ጣታቸውን እያስኬዱ ለቅሶው የት ላይ እንደሚቀጥን ይሰማሉ። አጥንቱ ከገባ በኋላም እናቲቱን ቶሎ ጡት አታጉርሺው፣ ይውጣለት ይሏታል። በዚህ ምክንያት በእኛ አገር እናቶች አንድ ነገር ለመዱ፦ ልጁ ወጌሻ ዘንድ ካላለቀሰ አልታሸም። ብዙ ቤት ገብቼ በቀስታ ስዳብስ «እማ፣ ጠበቅ አድርጉት እንጂ፣ ዝም አለ እኮ» ተብያለሁ። እኔም ቀስ በቀስ እንደነሱ አሰብኩ። እትየ ላቀች ለቅሶውን የሚያዳምጡት በሽታውን ሊያገኙበት ነበር፤ እኔ መድኃኒት አደረግሁት። ይህ ለውጥ መቼ እንደደረሰብኝ አላውቅም።

እሳቸው ሲሞቱ እኔ በየአገሩ እየዞርኩ ማሸት ጀመርኩ። ባሌ አርፏል፣ ልጆቼ ሰቆጣ ገብተዋል፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ደግሞ ተፈጥሮዬ አይደለም። ፃግብጂን ጨርሼ ወደ እኛው አገር ዝቋላ ቆላ እወርዳለሁ፤ በገበያ ቀን ሰቆጣ እገኛለሁ። ትንሽ የቀርከሃ ስንጣሪ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ በቀንድ የያዝኩት ቅቤ፣ ሌላ ዕቃ የለኝም። የሰጡኝን እቀበላለሁ፤ ማሽላም ይሁን ማር፣ ካልሰጡኝም ምርቃታቸው ይበቃኛል። ጤና ጣቢያው አንድ ጊዜ የልምድ አዋላጆችንና ወጌሻዎችን ሰብስቦ አሠለጠነን። አሠልጣኙ የእኔን የመጨረሻ ልጅ የሚያህል ነበር። የሥራ አለቃ ብዬ የማውቀው እሱን ብቻ ነው። «ካላወቃችሁት አትሹት፣ ላኩት» አለን፤ ራሳችንን ነቀነቅን። ወረቀትና ጃንጥላ ሰጠን። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፣ ጃንጥላውን ዝናብ ጨረሰው፣ ቃሉን ግን እንኳን በሥራ ላይ በዕረፍቴም አላሰብኩትም።

ከዚያ ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ መድኃኒት ጠፋ፣ ሐኪም ያለው ቦታ መድረስ ቀረ። ሰው እኔን ብቻ ለመደ። ለአጥንት ብቻ አልነበረም የሚጠሩኝ፤ ለሆድ፣ ለራስ ምታት፣ ሕፃን ጡት እምቢ ሲል። ብዙው በራሱ ይድን ነበር፤ ምስጋናው ግን ወደ እኔ ይመጣል። «እማ ሙሉ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» ሲሉኝ አይ እንዲህ አትበሉ እላለሁ። ደስ ግን ይለኝ ነበር።

ዝቋላ ስወርድ የማድረው ዘነቡ ከምትባል ሴት ቤት ነው። ባሏ ሞላ ፍየል አርቢ ነው። ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው፤ ታላቂቱ ደስታ፣ ታናሺቱ እመቤት። እመቤት ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ገና ከበሩ ስገባ ጋቢዬን ይዛ «እንቆቅልሽ» ትለኛለች።

«ምን አውቅልሽ» እላለሁ። ጥያቄዋን ትጠይቀኛለች፤ እኔ መልሱን አላውቅም፤ ባውቅም አልናገርም።

«አገር ስጡኝ።»

«ፃግብጂን ሰጠሁሽ።»

«ድንጋይ ነው፣ አልፈልግም።»

«ሰቆጣን።»

«ሰቆጣን ባለፈው ወስጃለሁ እኮ እማ። የተወሰደ አገር ይሰጣሉ እንዴ?»

«እንግዲያ አዲስ አበባን ውሰጂ።»

አሰብ ታደርግና «ሩቅ ነው፣ ማን ይጠብቅልኛል» ትላለች። አባቷ ፍየሎቹ በረት ሲገቡ የሚያስቆጥረው እሷን ነው፤ የጎደለችውን በስሟ ትጠራለች። ቤት ውስጥ አገውኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ገበያ ላይ ከትግርኛውም ትጨምርበታለች።

መንገዱ በተከፈተ ሰሞን አንድ ጠዋት አብረን ተቀምጠን ዘነቡ የማሽላ ገንፎ አቀረበች። እመቤት ትኩሱን እፍ እፍ ስትል ማንኪያው ከቀኝ እጇ ወደቀ። አነሳችው፤ ደግሞ ወደቀ። «እጄ ተኛ» አለች ሳቅ ብላ። ቃሉ አፏ ውስጥ ትንሽ ተጎተተ።

አስቀድሜ ግራውን ዳበስኩ፣ ከዚያ ቀኙን። ከትከሻዋ እስከ ጣቷ ጫፍ ሄድኩ። አጥንቱ ደህና ነው፣ መገጣጠሚያው ደህና ነው፣ ጅማቱ ከግራው አይለይም። ስልቻው ውስጥ ምንም አልነበረም። እዚያ ላይ እጄን መታጠብ ነበረብኝ። ግን ዘነቡ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፣ ሞላ ቆሟል፣ አንዲት ጎረቤትም ገብታለች።

«ጅማቷ በርዶታል» አልኩ።

ደስታ ትከሻዋን ያዘች፣ እኔ ማሸት ጀመርኩ። ልጅቱ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ሲያስለቅሳት እጇ ጭራሽ ዛለ። ይውጣላት አልኩ። ዝም ብላ ትንሽ እንደቆየች ጣቶቿ መንቀሳቀስ ጀመሩ፣ ማንኪያውንም ያዘች።

«አያችሁ?» አልኩ።

ያ እጅ እኔ ባልነካውም ኖሮ ይመለስ ነበር። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ይመላለስ ጀመር። እሳት እፍ ስትል፣ ከእህቷ ጋር ተጣልታ ስታለቅስ፣ ሮጣ ስትደክም እጇ ይዝላል፤ አንዳንዴም አፏ ይያዛል፤ ከዚያ ይመለሳል። በሄድኩ ቁጥር አሻታለሁ፣ ታለቅሳለች፣ ትዝላለች፣ ትመለሳለች። ምስጋናውን እወስዳለሁ። እኔ በሌለሁበት እንዳትቸገር ብዬ ደግሞ ለዘነቡ አስተማርኳት። አውራ ጣቷን የት እንደምታሳርፍ፣ ምን ያህል እንደምትጫን አሳየኋት። «ስታለቅስ እንዳትራሪላት» አልኳት። ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ቆሞ ነበር።

አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። ልጅቱ ተለወጠች፤ እኛ ግን ለውጡን በየፊናችን ተረጎምነው። ጠዋት ጠዋት ራሷን ያማታል፤ በሻሽ አሰርኩላት። ስትጠራ ቶሎ አትመልስም፤ እናቷ «ልብ ገዝታ ነው፣ ማደጓ ነው» አለች። ትንሽ ነገር ያናድዳታል፤ እህቷን ነከሰቻት። አስተማሪው አባቷን አስጠርቶ «ልጅህ ሰንፋለች፤ ቆጥራ የጨረሰችውን እንደገና ከአንድ ትጀምራለች» አለው። ሞላ በዚህ አፍሮ መጣ። ፍየሎቹን ያስቆጠራት ዕለት ተሳሳተች፤ ደግማ ተሳሳተች፣ ከዚያ ዱላውን መሬት ላይ መታችና ዞራ ሄደች።

«እማ» አለኝ ያን ጊዜ ሞላ፣ «ሰቆጣ ሆስፒታሉ ሥራ ጀምሯል ይላሉ። ብናሳያትስ?»

«መርፌ ሊወጓት ነው? መርፌ ጅማት ያደርቃል። ትንሽ ጠብቅ፣ እጄ ላይ ናት።»

ሞላ ጠበቀ። የማይጠብቀኝ ማን ነበር።

እሷን ያሸሁበት የመጨረሻው ቀን ጠዋት ነው። እጇ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ዝሎ ስለቆየ እኔም አጥብቄ ያዝኩ። እመቤት ገና ስታየኝ ማልቀስ ጀምራ ነበር፤ እጄን ብብቴ ውስጥ ሳሞቀው ምን እንደሚመጣ አውቃለች። ሁለት ሰው ያዛት። ለቅሶዋ ትንፋሿን እየቆረጠው ፈጠነ፣ ፈጠነ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ቆመ። ክንዷ እጄ ላይ እንደ ረጠበ ጨርቅ ወደቀ። አፏ ወደ ግራ ተጎተተ። እግሯም ተከተለ።

«ትመለሳለች» አልኩ።

ሁልጊዜ ትመለስ ነበርና ተቀመጥን። ጥላው ከበሩ ወደ ግቢው መሐል ሄደ። ዘነቡ ውኃ ልትሰጣት ሞከረች፤ በአፏ ጥግ ፈሰሰ። «እማ፣ ይህኛው ቆየ» አለችኝ። «ትመለሳለች» አልኩ ደግሜ። ሦስተኛ ጊዜ ልል ስል ሞላ ተነስቶ ጎረቤት ጠራ። በቃሬዛ እስከ መኪና መንገዱ ድረስ ተሸክመዋት ወጡ፤ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ከኋላ ተከተልኩ። ለመተካካት ቃሬዛውን ሲያወርዱ ሞላ ወደ እኔ ዞረ።

«ጅማቷ ሞቀላት እማ?»

ከዚያ ቀን በኋላ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ያ ግን በቂዬ ነበር።

ሰቆጣ አይተው ወደ ሌላ ከተማ ላኳት፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ። ከሁለት ወር በላይ ቆይተው ተመለሱ። ወረቀቱን ይዘው ሰቆጣ ሆስፒታል ሲቀርቡ ዘነቡ እኔንም ጠራችኝ። ለምን እንደጠራችኝ ዛሬም አልገባኝም። ብቻዋን መስማት ፈርታ ይሆናል፣ ወይም እንድሰማ ፈልጋ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። አንደበቷ ለስላሳ ነው። በሽታው ሞያሞያ እንደሚባል፣ ብዙ ጊዜ የማይታይ እንደሆነ ነገረችን። ወደ ጭንቅላት ደም የሚወስዱ ትልልቆቹ ሥሮች ቀስ በቀስ ይጠባሉ፤ ጭንቅላቱ በምትኩ ቀጫጭን ሥር ያበቅላል፤ እሱ ግን አይበቃውም። ደሙን ለማቅጠን በየቀኑ የምትውጠው ኪኒን ታዟል። በቀዶ ጥገና ሌላ ሥር የሚቀጥሉ አሉ፤ እሱ የሚሠራበትን ቦታ ገና እየጠየቁላቸው ነው።

«እስከዚያው እንዳታለቅስ» አለች ሐኪሟ። «እሳት እፍ እንዳትል፣ ትኩስ ነገር አቀዝቅዛችሁ ስጧት፣ ውኃ አይጉደልባት።»

«ለቅሶ ምን ያደርጋል?» አልኳት።

«ልጅ ሲያለቅስ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል እማማ። ያኔ የጭንቅላቱ ሥሮች ይበልጥ ይጠባሉ። ለጤነኛ ልጅ ምንም አይደለም። የእሷ ግን ቀድሞም ጠቧል፤ ደሙ አይደርስም። እጇ እየዛለ ይመለስ የነበረው ማስጠንቀቂያ ነበር።»

ዘነቡ እግሯን ታያለች። እኔ ዝም ማለት አቃተኝ።

«በመጀመሪያው ቀን ብትመጣስ ኖሮ?»

«ትድን ነበር ብዬ ልዋሽዎ አልችልም» አለች። «በሽታው የማንም ጥፋት አይደለም። ግን ይህን ያህል የሚጎዳት ላይሆን ይችል ነበር።» ከዚያ ወረቀቷን አየችና፣ «ሲያማት ቤት ውስጥ ምን ታደርጉላት ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ዘነቡ ቀና ብላ «ምንም» አለች። «ትተኛ ነበር።»

ለእኔ ብላ ይሁን ለራሷ አላውቅም። እሷም አሽታታለች፤ እሷም አልራራችላትም። ከዚያ ክፍል ስንወጣ ሁለታችንም የምናውቀው አንድ ነገር ነበር፤ እስከ ዛሬ አንስተነው አናውቅም። ያን ዕለት ቅቤውን ለጎረቤት ሰጠሁ፣ የቀርከሃ ስንጣሪዎቹን ጣልኩ፣ ግድግዳ ላይ የነበረውንም ወረቀት አወረድኩ።

አሁን እመቤት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እንዴት እንዳለች የምሰማው ገበያ ከሚመጡት ነው። እግሯ እየጎተተም ቢሆን ይሄዳል፤ ቀኝ እጇ ግን ተጣጥፎ ቀርቷል። ሰው የሚያዝነው በእጇ ነው፤ የሚታየው እሱ ስለሆነ። አማርኛው ቀድሞ ሄደ። አገውኛው ቀርቶላታል፣ እሱም ቢሆን የዕቃ ስም ይጠፋባታል፤ ውኃ ልትል ትፈልግና እጇን ታሳያለች። ሁለት ነገር አንድ ላይ ካዘዟት አንዱን ይዛ ትቆማለች። ለቅሶ ቤት ሆና ትስቃለች፣ ሳቋ አልቆም ይላታል፤ ሰው «ልጅቱ ባለጌ ሆነች» ይላል። ከሁሉ የሚከፋው ማወቋ ነው። እኩዮቿ ደብተር ይዘው ሲያልፉ አይታ ለእናቷ «ድሮ እኔም እችል ነበር አይደል?» ብላለች።

ቤቱም ታመመ። እንዳታለቅስ ተብሏልና የፈለገችው ሁሉ ይሰጣታል። ዶሮ ሲታረድ እንዳታይ በሩ ይዘጋል። እህቷን ብትመታት የሚቆጣት የለም። ደስታ አንድ ቀን ሰቆጣ ገበያ መጥታ ውኃ አብረን ስንቀዳ «እኔም ታምሜ ቢሆን ኖሮ እማ» አለችኝ፣ ከዚያ በራሷ ደንግጣ ጄሪካኗን አንስታ ሄደች። ጉዳት ያደረስኩት በልጅቱ ላይ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ከሆስፒታል ከተመለሱ በኋላ አጠገቧ የደረስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ስታየኝ አልሸሸችም፤ ረስታኛለች ብዬ ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እንቆቅልሽ» አለች።

«ምን አውቅልሽ።»

አፏን ከፈተች፤ ጠበቅኋት። ጥያቄው የለም። ግንባሯን ቋጠረች፣ ዓይኗ ወዲያ ወዲህ አለ። «አገር ልስጥሽ?» አልኳት ቶሎ ብዬ። ሲያሳዝነኝ ጊዜ ሳላስበው ግራ እጇን ያዝኩና መዳበስ ጀመርኩ፤ እጄ ያው የለመደውን ነው የሚያውቀው።

ያኔ አወቀችኝ። እጇን ነጥቃ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሸሸች፣ ከዚያ አለቀሰች። ትንፋሿ ፈጠነ። ዘነቡ ሮጣ መጥታ አቀፈቻት፣ «በቃ፣ በቃ፣ የለችም፣ ሄደች» እያለች ፊቷን ደረቷ ውስጥ ሸሸገችው። ደህናው እግሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔ ግቢው መሐል ቆሜያለሁ፣ የለችም እየተባልኩ።

ባለፈው ጥቅምት ደግሞ ሄድኩ። ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቃት ልሙት እንዴ ብዬ። ዘነቡ ከሩቅ አይታኝ አጥሩ ጋ ወጣች። አቅፋ ሳመችኝ፤ ሁልጊዜም ትስመኛለች። በሩን ግን በጀርባዋ ያዘች።

«እማ፣ አይግቡብኝ።»

«ከሩቅ ልያት፣ አልነካትም።»

«ካየችዎት ታለቅሳለች።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የአስተማሪዋን ስም ረሳች፣ ፊደሉን ረሳች፣ አያቷን ማን ነሽ ትላታለች። እርስዎን ግን አልረሳችም። እኔንስ እጄን ስታየው ትሸሻለች፤ እኔ እናቷ ስለሆንኩ መሄጃ የላትም እንጂ።»

ይቅርታውን እሷን ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ፤ እሷም የምለውን አውቃ ራሷን ነቀነቀች፣ አይሆንም እንደማለት፤ እኔ ከጠየቅሁ እሷም መጠየቅ አለባትና። «በታችኛው መንገድ ይውረዱ» አለችኝ፤ «ከዚያ አይታዩም።»

ታችኛው መንገድ ገደል ገደሉን ነው፤ ለእኔ ዕድሜ አይመችም። ጥቂት እንደወረድኩ ከአጥሩ ውስጥ የእመቤት ሳቅ ተሰማኝ። እንደ ድሮው ነው ሳቋ፤ እሱ አልተነካም። ቆሜ ልሰማው ፈለግሁ። ወደ አጥሩ ቀርባ ቁልቁል እንዳታየኝ ብዬ ግን እርምጃዬን አፈጠንኩ።